ሴት አምባዛ የጠፋችበት ወንዝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ዓሣ አስተምሬአለሁ። በሠላሳ አንዱ ዓመት አንድም ቀን ዓሣ ነክቼ አላውቅም። ይህን ከመነሻው የምነግራችሁ ኋላ ስለምታፍሩብኝ ነው፤ ከአሁኑ ብትለማመዱት ይሻላል።

ደብረ ታቦር ላይ የባዮሎጂ መምህር ነበርሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምባዛ ስስል ክፍሉ በሳቅ ይናጋ ነበር። አምባዛ የምትሉት ያ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ከአፉ ዳርና ዳር ረጅም ጢም የሚንጠለጠልበት ዓሣ ነው። የኔም ጢም ያን ጊዜ ቀጭንና ወደ ታች የወረደ ነበር። ሥዕሉና ሠዓሊው ጎን ለጎን ሲቆሙ ልጆቹ ከሁለታችን ማንን ደብተራቸው ላይ እንደሚገለብጡ ግራ ይገባቸው ነበር። "አምባዛው" የሚለው ስም ከዚያ ወጣ፤ ጡረታ ስወጣም ተከትሎኝ ወጣ። ዛሬም ገበያ ውስጥ አንድ ሽበታም ሰውዬ "እንዴት አደሩ ጋሽ አም…" ብሎ የቀረውን ሲውጠው፣ ተማሪዬ እንደነበረ አውቃለሁ።

ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ስልሳ ስምንት" እላለሁ። ስልሳ ስምንት ማለት ከጀመርሁ ግን ትንሽ ቆይቷል።

እንዲህ ሆኜ በሰላም ስኖር ትርሲት የምትባል ልጅ ቤቴ ድረስ መጣች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ እዚያ እያስተማረች ሳለ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ወደኛ አገር መጥታለች። የርብን ወንዝ አምባዛ ነው የምታጠናው።

"ጋሼ፣ እኔ በወር አንድ ጊዜ ወንዙ ድረስ እወርዳለሁ" አለችኝ። "በመካከሉ እየሄደ የተያዘውን የሚመዘግብልኝ ሰው አጣሁ። ዓሣ ያውቃሉ ብለው አንቱን ጠቆሙኝ።"

"ዓሣ?" አልሁ ጢሜን እየዳበስሁ። "ልጄ፣ እኔና ዓሣማ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን በላን።"

ጥናቷ ሁለት ጥያቄ ነበረው። የርብ አምባዛ በስንት ዓመቱ ምን ያህል ያድጋል? መቼና የትስ ይራባል? ለመጀመሪያው የዓሣውን የክንፍ እሾህ ቆርጣ፣ በስሱ ሰንጥቃ፣ በማጉሊያ ታየዋለች። ጥጋብ የነበረበት ክረምት ሰፊ ቀለበት፣ ራብ የነበረበት በጋ ጠባብ ቀለበት ትቶ ያልፋል። ቀለበቱን መቁጠር ዕድሜውን መቁጠር ነው።

"ዕድሜውን ሊደብቅ አይችልም ማለት ነዋ?" አልኋት።

"በፍጹም። እሾሁ ይናገራል።"

"ምስኪን!" አልሁ ከልቤ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ወንዱን ከሴቷ መለየት፣ የሴቷን ሆድ ከፍቶ እንቁላሏን መመዘን ያስፈልጋል። ፆታውን የምናውቀው ከሆዱ በታች፣ ከፊንጢጣው ኋላ ባለች ሹል ሥጋ ነው፤ ወንዱ አለችው፣ ሴቷ የላትም። ይህን በክፍል ውስጥ ዓይኔን ሳላሽ አስተምር ነበር። ወንዙ ዳር የመጀመሪያውን አምባዛ ገልብጬ ላይ ስል ግን በጅራቱ በጥፊ መታኝና ቁጭ አልሁ። መቀመጤ ሳይሆን መነሳቴ ነበር ጊዜ የፈጀብን።

ዓሣውን የሚይዝልን ደሴ ነው። ደሴ ከይፋግ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ርብ ወደ ጣና ሲጠጋ ከሚረጋበት ሜዳ ላይ ሩዝ ያርሳል፤ መረብም ይጥላል። እሱ ራሱ አምባዛ አይበላም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በመጽሐፍ የተከለከለ ነው ይላል። ከተማ ወስዶ ለሆቴል ይሸጠዋል፤ እዚያ ተቆራርጦ ሲጠበስ ቅርፊት የነበረው ይሁን ያልነበረው ማን ያውቃል! እኔን የሚጠራኝ "የኔታ" እያለ ነው። በአክብሮት ይሁን በፌዝ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን እፈራለሁ።

በጋው በሰላም አለፈ። ችግሩ የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው።

ሰኔ እንደገባ ደሴ ሆዷ እንደ ስልቻ የተነፋ አንዲት ትልቅ አምባዛ ከመረብ አወጣ። ሚዛኑን አዘጋጅቼ ስጠብቅ እሱ ውኃው ውስጥ ዝቅ አድርጎ ለቀቃት።

"አንተ! ምን ሆንህ?"

"ይቺ አትነካም የኔታ። ነፍሰ ጡር ናት።"

"ዓሣ እኮ ናት!"

"ላም ብትሆን፣ ከብዳ እያዩ ያርዷታል?"

"ላም ሌላ ነገር ናት።"

"ሆዷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"እንቁላል።"

"እንቁላሉ ምን ይሆናል?"

"ዓሣ… ይሆናል።"

"ታዲያ!" አለና መረቡን ማራገፍ ጀመረ።

ኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ሚስቱ ያልጋነሽ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስት ጊዜ ወርዶባታል። አሁን በአራተኛው ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ደሴም ይህኛው እንዲረጋላት በእጁ የእናት ነፍስ ላያጠፋ ለእመቤታችን ተስሏል። እኔ ስለ አጉል እምነትና ስለ ሳይንስ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ ንግግር አዘጋጅቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ያልጋነሽ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው አንድ ዋንጫ እርጎ ይዛልኝ ብቅ አለች። ንግግሬ ከእርጎው ጋር አብሮ ወደ ሆዴ ወረደ።

ቅጹ ላይ "እንቁላሏ የበሰለ ሴት" የሚል ረድፍ አለ። እሱ ላይ "አልተገኘችም" ብዬ ጻፍሁ። በኋላ ስታፍሩብኝ ይህን አስቡልኝ፦ ዓሣዋ ተገኝታ ተለቃለች፤ ቅጹ ግን "ተለቀቀች" የሚል ቦታ አልነበረውም።

ለትርሲት ለምን አልነገርኋትም? በጋውን ሙሉ "አንቺ ልጅ፣ ሳይንስ ይሉኝታ የለውም" እያልሁ ስሰብካት ከርሜ፣ በአንድ ዋንጫ እርጎ መሸነፌን እንዴት ልንገራት? ቀጥሎም ሌላ ተገኘች፤ ተለቀቀች። "አልተገኘችም።" ሌላ። "አልተገኘችም።" ትርሲት ራሷ በምትወርድበት ቀን ደግሞ ደሴ ገና ጎሕ ሲቀድ ለይቶ ይለቅና ወንዶችንና ሆዳቸው የከሳ ሴቶችን ብቻ ያቀርብላታል። እንዲህ እያልን ሐምሌ መጣ።

በሐምሌ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ወረድን። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ የሞላኋቸውን ቅጾች አገላበጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሼ፣ የበሰለች ሴት አንድም አላገኘሁም። አማካሪዬ መረጃውን አይቶ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'ወይ ወንዙ ይዋሻል፣ ወይ አንቺ ትዋሺያለሽ' አለኝ።"

ሦስተኛው አማራጭ አጠገቧ ጃንጥላውን ታቅፎ ተቀምጧል። በሐሳቧም አልመጣላትም።

"ምን አሰብሽ?" አልኋት፣ ድምፄ ከሚኒባሱ ሞተር በላይ ቀጠነ።

"የትምህርት ፈቃዴ የሚያልቀው በዚህ ክረምት ነው። ዛሬና ነገ ካልተገኘች 'አምባዛ በርብ አካባቢ አይራባም' ብዬ እጽፋለሁ። አማካሪዬ ካልተቀበለው ዲግሪ የለኝም፤ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ከተቀበለው ደግሞ…" ወደ መስኮቱ ዞረች። "ከተቀበለው ይብሳል። ክረምቱን እዚህ መረብ አይጣል የሚሉ አሉ። የኔን ጽሑፍ አንብበው 'እዚህ የሚራባ ከሌለ ምን ይጠበቃል?' ይላሉ። ካልተሳሳትኩ ምንም አይደል። ከተሳሳትኩ ግን…"

እስከ ይፋግ ድረስ ሦስት ጊዜ ልናዘዝ አፌን ከፈትሁ። አንዴ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ምላሴን ነከስሁ። አንዴ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" አለኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ራሴ ነኝ የዘጋሁት።

ያን ቀን ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፤ ሲወርድም አደረ። ደሴ ቤት ነው ያደርነው፤ እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ ደሴ ወደ መረቡ ሲሄድ ሰማሁና ካፖርቴን ደርቤ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልሁት። ትርሲት ሳትነሳ ላግባባው ነው።

"ደሴ፣ አንዲት ብቻ። ለዚህች ልጅ ስትል አንዲት ብቻ ስጠኝ።"

"ምን ሆነብዎ የኔታ? ሥጋ ቤት ከፈቱ?"

"ቀልዱን ተወው። ልጅቱ ትምህርቷ ሊበላሽ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁባት።"

"ይንገሯት እንግዲያ።"

"ከመንገርስ ዓሣ መስጠት አይቀልም?"

ደሴ ትክ ብሎ አየኝ። "ለእርስዎ ይቀል ይሆናል" አለ። "ለዓሣዋ አይቀልም። ለያልጋነሽም አይቀልም።" ጥሎኝ ወደ ወንዙ አለፈ።

እኔ የሩዙ እርሻ ድንበር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ርብ በሌሊቱ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ንፋስ የለም፤ ሣሩ ግን ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

አምባዛዎች ናቸው። አሥርም ይሁኑ ሃያ፣ ጀርባቸው ከውኃው ብቅ እያለ በሣሩ መሐል ይርመሰመሳሉ። አንዱ ወንድ መጥቶ ራሱን እንደ ቀለበት አጠፈና የአንዲቱን ሴት ጭንቅላት ልክ እንደ ሻሽ ተጠመጠመበት። ሁለቱም ጸጥ አሉ። ከዚያ እሷ በጅራቷ ውኃውን መታች፤ እንቁላሉም ሣሩ ላይ ተበተነ። ተላቀቁና እንደ ደከመው ሰው ትንሽ ተጋደሙ። ከዚያ እንደገና።

ይህን እኔ ሰሌዳ ላይ በሁለት ቀስት ነበር የምስለው። "ተባዕቱ፣ ቀስት፣ እንስቲቱ፣ ቀስት፣ እንቁላል፤ ጻፉ!" ፈተና ላይም ሁለት ነጥብ ይይዛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ነጥብ የሰጠሁት ነገር ይህ መሆኑን ሳይ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ዓይኔን ለመጥረግ እጄን ባነሳ እግሬ አዳለጠኝ።

ጃንጥላው ወደ አንድ በኩል፣ እኔ ወደ ሌላው። እስከ ደረቴ ጭቃ ውስጥ ቁጭ አልሁ። የካፖርቴ ሁለት ክንፍ ውኃው ላይ እንደ መረብ ተዘረጋ፤ አንድ ከባድ ነገርም ዘው ብሎ ጭኔ ላይ ገባ። በድንጋጤ በሁለት ክንዴ አቀፍሁት። ተንፈራገጠ። እኔም ጮኽሁ።

ትርሲት ቡት ጫማዋን እንዳጠለቀች እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ ያቀፍሁትን አየች። እኔን ረሳችኝ።

"ጋሼ! ሴት ናት! ሆዷን ይመልከቱ! አይልቀቋት!" ከቦርሳዋ ቢላዋዋን አወጣች።

በዚህ ጊዜ ደሴ ደረሰ። "አይሆንም!" አለ። "በኔ መሬት ላይ አይሆንም።"

"አያ ደሴ፣ ምን ነካዎት? ስንት ወር የፈለግናት እኮ ናት!"

ደሴ እኔን አየኝ። ትርሲትም ዓይኑን ተከትላ እኔን አየችኝ። ዓሣዋም ጢሟን ወደኔ አዙራ ነበር። መሸሻ አልነበረኝም፤ ቁጭ ብሎ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ነፍሰ ጡር ታቅፎ ማን ይሸሻል?

"ልጄ" አልሁ፣ "ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ሴቶች ተይዘው ተለቀዋል። ደሴ በስለቱ ነው የለቀቀ። 'አልተገኘችም' ብዬ የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ። ወንዙም አልዋሸ፤ አንቺም አልዋሸሽ።"

ቢላዋዋን ይዛ ድንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ በጮኸችብኝ።

"ወንዙን ተጠራጠርኩ" አለች በቀስታ። "መረቡን ተጠራጠርኩ። ራሴን ተጠራጥሬ ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ ሳገላብጥ ከረምኩ። አንቱን ግን ጋሼ፣ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።"

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ። የዚያን ያህል ያመመኝ የለም።

"እንግዲህ ይቺን ልክፈታት" አለች። "አንዲት ብቻ አያ ደሴ። የኔም ነገር እኮ ነፍስ ነው።"

"ስለት ነው እታለም" አለ ደሴ፤ ድምፁ ልመና ሆነ። "ሁለት ወር ቀራት። ሁለት ወር ብቻ።"

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ፤ ይህም ባልከፋ ነበር፤ ዓሣዋ ግን እንደገና ተንፈራገጠች። እንዳትወጣ ሆዷን አጥብቄ ብይዛት የሚያሟልጭ ነገር በካፖርቴ ላይ ፈሰሰ። ወደ ታች አየሁ። አረንጓዴ ወደ ቡናማ ያደላ፣ እንደ ዳጉሳ ፍሬ ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቅ እንቁላል ከደረቴ እስከ ኪሴ።

"ታለበች!" አለ ደሴ። "የኔታ አለቧት!"

ትርሲት ብድግ አለች። "አይንቀሳቀሱ!" ብላ ጮኸችብኝ። ጮኸችብኝና ደስ አለኝ። በማንኪያ ከካፖርቴ ላይ እያፈሰች፣ ለራሷ ይሁን ለኛ ታወራለች፦ "የበሰለች ናት፤ ፍጹም የበሰለች። በእርባታ ኩሬ እኮ እንዲህ ያደርጓታል፣ ሆዷን ጫን ሲሏት… አንብቤዋለሁ! እንዴት አላሰብኩትም? መክፈት፣ መክፈት ብቻ…"

ጩኸቱን ሰምታ ያልጋነሽ ወገቧን እንደደገፈች መጣች። ነገሩን ሁሉ ሰማች። ባሏ ገና "ስለቱ" ከማለቱ አቋረጠችው።

"አትግደል ነው እንጂ አትንካ ብለህ ተስለሃል?"

"አይ፣ አትግደል ነው።"

"እንግዲያው አምጧት። እናንተ ማለብ መች ታውቁና!"

ድንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዓሣዋን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጭኗ ላይ አስተኛንላት። ሆድ ከሆድ አጠገብ። በአውራ ጣቷ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ጫን ስትል እንቁላሉ ሣህኑ ላይ ወረደ። ትርሲት "ሁሉንም ከሰጠችን ስንት እንደምትጥል አውቃለሁ" አለቻት። ያልጋነሽ እጇን አነሳች።

"ይበቃታል። ለጥጃዋም ይተዋል።"

ትርሲት ልትከራከር አፏን ከፈተች፣ የያልጋነሽን ሆድ አየች፣ ዘጋችው። ያን ሆድ አይቶ አፉን የሚዘጋ እኔ ብቻ አልነበርሁም ማለት ነው።

እስከ ረፋድ ድረስ ስድስት ሴቶች እንዲህ ታለቡ። ትርሲት ትለካለች፣ ትመዝናለች፤ ደሴ ያመጣል፣ ይለቅቃል፤ የአንዷን ማንኪያ እንቁላል አንድ በአንድ መቁጠር የኔ ቅጣት ሆነ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተናገርሁ። አንዲትም አልሞተችም። በሩዙ ሣር ላይ የተጣበቀውን እንቁላልም ትርሲት በፎቶ አነሳች፤ መቼና የት የሚለው ጥያቄ ተመለሰ። ስንት የሚለው ጎደለ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች፤ በኔ ሽታ ምክንያት ሌላ ሰው ሊቀመጥ አልፈለገም። ቅጿን አወጣች።

"ጋሼ፣ ስለ መረጃ ሰብሳቢው የምጽፈው አለ። እውነተኛውን ይንገሩኝ፤ ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ስልሳ…" አልሁ። የእሾሁ ነገር ትዝ አለኝ። "ሰባ ሦስት።"

ሳትስቅ ጻፈችው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ ምን ይለወጣል ትሉ ይሆናል። ብዙም አይለወጥ። አሁንም ጉራዬን እነዛለሁ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ሲጠይቀኝ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም ነበር፤ የማላውቀውን ሁሉ "ይህ ለሚቀጥለው ዓመት ነው" እያልሁ አሳልፌአለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ብዬ ያሳለፍኋቸው ልጆች ዛሬ የት የት ሆነው ምን "አልተገኘም" ብለው እየጻፉ ይሆን? ይህን ሳስብ ሌሊቱ ይረዝምብኛል። እናንተም ቅጽ ስትሞሉ፣ ካላገኛችሁት ያላገኛችሁት መሆኑን፣ ከለቀቃችሁት የለቀቃችሁት መሆኑን ለዩ። ቦታ ከሌለው ዳር ላይ ጻፉ። ዳር አይጠፋም።

ያልጋነሽ በመስከረም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በዓሣዋ ምክንያት ነው ወይ ብትሉኝ፣ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፤ አይደለም እላችኋለሁ። ደሴ ፊት ግን አልልም።

ትርሲት ዲግሪዋን ይዛ አገሯ ገባች። አንድ ቅጂ ላከችልኝ። ምስጋና የተጻፈበትን ገጽ አገላበጥሁ፤ ደሴ አለ፣ ያልጋነሽ አለች። እኔ የለሁም። ልዘጋው ስል መጨረሻው ላይ፣ የጥናቱ ጉድለቶች በተዘረዘሩበት ቦታ፣ ራሴን አገኘሁት፦ በሰኔና በሐምሌ የተመዘገበው የበሰሉ ሴቶች ቁጥር ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም የሰባ ሦስት ዓመት ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር የሆነው መረጃ ሰብሳቢ ዘጠኝ ተይዘው የተለቀቁ ሴቶችን ሳይመዘግብ ቀርቷል፤ ይህንንም በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ገጽ ሳያነብ አይወጣም። የዕድሜ እኩዮቼ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ ግን ጣቴን የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ እሷ ላይ እስኪደርሱ።